አለቃ የሌለው ግምጃ ቤት
የብሎክቼይን መረቦች የጋራ ገንዘባቸውን እንዴት ያስተዳድራሉ?

አንድ ሶፍትዌር ባለቤት ኩባንያ ከሌለው ለሠሪዎቹ ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? ስህተት ሲገኝበት የሚያርመው፣ መመሪያ የሚጽፍለት፣ አዲስ ተጠቃሚ የሚያስተምርለትስ ማን ነው? ያልተማከሉ የብሎክቼይን መረቦች ከጅምራቸው የተጋፈጡት ጥያቄ ይህ ነው።

ብሎክቼይን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተመሳሳይ ቅጂው የሚቀመጥ የሂሳብ መዝገብ ነው። አንድ ባንክ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ሊሰርዘው ወይም ሊደልዘው አይችልም። መዝገቡን የሚጠብቁት ሰዎች ለድካማቸው በመረቡ ገንዘብ ይከፈላቸዋል። ፕሮግራም ጸሐፊው፣ መምህሩና ተርጓሚው ግን ከዚህ ክፍያ የሚደርሳቸው ነገር የለም። ቢትኮይን የጋራ ካዝና የለውም፤ ልማቱ የቆመው በኩባንያዎችና በግለሰቦች ልገሳ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ መረቦች ሌላ መንገድ ሞከሩ። ለምሳሌ ዳሽ የተባለው መረብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከሚፈጠረው አዲስ ገንዘብ 10 በመቶውን ለጋራ ሥራ መመደብ ጀመረ። ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 1,000 ዳሽ ያስያዙ አባላት ናቸው።

ነገሩ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ካዝና ይኖራል፣ ሐሳብ ይቀርባል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ገንዘብ ይወጣል። ያለፉት ዓመታት ልምድ የሚያሳየው ግን ድምፅ መስጠቱ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ መሆኑን ነው። ከባዱ ከድምፁ በፊት ሕግ ማውጣት፣ ከድምፁ በኋላ ደግሞ ገንዘቡን መከታተል ነው።

ሕግ ያልቀደመው ገንዘብ

ይህንን በውድ ዋጋ ያስተማረው የ2016ቱ ክስተት ነው። በኢቴሪየም መረብ ላይ «ዘ ዳኦ» የተባለ የጋራ የኢንቨስትመንት ፈንድ ተቋቋመ። ሥራ አስኪያጅም ሆነ የዳይሬክተሮች ቦርድ አልነበረውም። ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች በድምፅ እንዲወስኑ፣ ውሳኔውንም የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲፈጽመው ታስቦ የተሠራ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጊዜው ዋጋ 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ተሰበሰበ። ሰኔ 17 ቀን 2016 አንድ ያልታወቀ ሰው በፕሮግራሙ ውስጥ የነበረን ስህተት ተጠቅሞ ወደ 3.6 ሚሊዮን ኢተር አሸሸ።

በዚህ ጊዜ ማኅበረሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «መዝገቡ ተስተካክሎ ገንዘቡ ለባለቤቶቹ ይመለስ» አለ። ሌላው «መዝገብ አንዴ ከተነካ ነገም ይነካል» ብሎ ተቃወመ። በሐምሌ 20 መረቡ ተሻሽሎ ገንዘቡ እንዲመለስ ተደረገ። ያልተስማሙት ግን በአሮጌው መዝገብ ቀጠሉ፤ እሱም እስከ ዛሬ ኢቴሪየም ክላሲክ ተብሎ ይኖራል። አደጋ ሲደርስ የመወሰን ሥልጣን የማን እንደሆነ አስቀድሞ ስላልተጻፈ፣ አንድ የነበረው መረብ ሁለት ሆነ።

ካርዳኖ፦ ካዝናው ከየት ይሞላል?

አሠራሩን በቅርብ ለማየት ካርዳኖ ጥሩ ምሳሌ ነው። መረቡ በመስከረም 2017 ሥራ የጀመረ ሲሆን ገንዘቡ አዳ ይባላል። መቼም ቢሆን ከ45 ቢሊዮን አዳ በላይ እንደማይኖር በመረቡ ሕግ ተወስኗል። ከዚህ ውስጥ ገና ወደ ገበያ ያልወጣው በመጠባበቂያነት ተቀምጧል።

መረቡ ጊዜን የሚቆጥረው በአምስት አምስት ቀን ነው። በየአምስት ቀኑ ከመጠባበቂያው ጥቂቱ ይወጣና ተጠቃሚዎች ከከፈሉት የአገልግሎት ክፍያ ጋር ይደመራል። ከድምሩ አንድ አምስተኛው ወደ ጋራ ግምጃ ቤቱ ይገባል፤ ከቀሪው መዝገቡን ለሚጠብቁትና ገንዘባቸውን ለዚሁ ሥራ ለወከሉት ይከፈላል። ስለዚህ ካዝናው የሚሞላው በልመና ወይም በበጎ አድራጊ አይደለም፤ በመረቡ አሠራር ውስጥ የተገነባ ቋሚ ገቢ አለው። በዚህ መንገድ ከአንድ ቢሊዮን በላይ አዳ ተጠራቅሟል።

የገቢው ቋሚነት ግን የሚቆጠረው በአዳ ብቻ ነው። በመስከረም 2021 የአንድ አዳ ዋጋ ሦስት ዶላር ደርሶ ነበር፤ በ2022 ማብቂያ ግን ወደ 25 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዷል። በጥሩው ጊዜ ለሦስት ባለሙያ የዓመት ደመወዝ ይበቃል የተባለ ገንዘብ በዓመቱ ለአንዱም ላይበቃ ይችላል ማለት ነው። በራሱ መረብ ገንዘብ ብቻ የሚቆጥብ ካዝና ሁሉ ይህ አደጋ አለበት።

የድጋፍ ገንዘብ እንዴት ይሰጣል?

የካርዳኖ የድጋፍ ፕሮግራም ካታሊስት ይባላል። በ2020 ሲጀመር በአንድ ዙር 250 ሺህ ዶላር የሚያወጣ አዳ ያከፋፍል ነበር። በ2023 በተካሄደው አሥረኛ ዙር የተመደበው 50 ሚሊዮን አዳ ደርሷል።

ሂደቱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ወይም ቡድን ፕሮፖዛል ይጽፋል፤ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚጠቅም፣ ምን ያህል እንደሚፈልግና በምን ያህል ጊዜ እንደሚጨርስ ያስረዳል። ከዚያ ከማኅበረሰቡ የተመዘገቡ ገምጋሚዎች ፕሮፖዛሉን በሦስት መለኪያ ያዩታል። ሥራው የሚያመጣው ለውጥ ምንድን ነው? ቡድኑ ሊሠራው ይችላል ወይ? የተጠየቀው ገንዘብስ ከሚገኘው ጥቅም ጋር ይመጣጠናል? ግምገማው በይፋ ይወጣል። ቀጥሎ አዳ ያላቸው ሰዎች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከፍተኛ ድጋፍ ያገኙት በቅደም ተከተል የተመደበው ገንዘብ እስኪያልቅ ድረስ ይመረጣሉ።

ተመራጩ ቡድን ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይረከብም። ሥራውን በምዕራፍ ከፋፍሎ ያቀርባል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሲጨርስ ማስረጃ ያስገባል፤ ገምጋሚዎች ማስረጃውን ከተቀበሉ የሚቀጥለው ክፍያ ይለቀቃል፤ ካልተቀበሉ ይቆማል። በመጨረሻም የመዝጊያ ሪፖርትና ቪዲዮ ያቀርባል። ይህ የምዕራፍ አሠራር በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እንዲህ ጥብቅ አልነበረም፤ ከልምድ የመጣ ማሻሻያ ነው። በእኔ እምነት ካታሊስት ከተማራቸው ሁሉ ዋናው ትምህርት ይህ ነው። ያማረ ፕሮፖዛል መጻፍና ሥራ መጨረስ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። መራጩ ሕዝብ ማየት የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያሳየው ክትትል ነው።

ትልቁን ካዝና የሚከፍቱት እነማን ናቸው?

ካታሊስት ከካዝናው የተመደበለትን ነው የሚያከፋፍለው። ዋናው ግምጃ ቤት ራሱ ለዓመታት የሚንቀሳቀሰው መሥራች ድርጅቶቹ በያዙት ቁልፍ ነበር። ይህ ሥልጣን ወደ ማኅበረሰቡ መሸጋገር የጀመረው በመስከረም 2024 በተደረገ የመረብ ማሻሻያ ሲሆን፣ በጥር 2025 በተደረገው ሁለተኛ ማሻሻያ ሙሉ ሆነ። በመካከሉ፣ በታኅሣሥ 2024፣ ከብዙ አገሮች የተመረጡ ተወካዮች በቦነስ አይረስና በናይሮቢ በአንድ ጊዜ ተሰብስበው የመረቡን መተዳደሪያ ሕግ ተወያይተው አጸደቁ። በየካቲት 2025 ሕጉ በመረቡ ላይ በተሰጠ ድምፅ ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን ሥልጣኑ በሦስት አካላት ተከፍሏል። የመጀመሪያዎቹ ዲሬፕ የሚባሉት የመራጭ ወኪሎች ናቸው። አዳ ያለው ሰው ራሱ ድምፅ መስጠት ካልፈለገ ለሚያምነው ወኪል ውክልና ይሰጣል፤ ሐሳቡን ሲቀይር በማንኛውም ጊዜ ያነሳዋል። ሁለተኛው አካል ሕጉ መከበሩን ብቻ የሚመለከት ኮሚቴ ነው። «ይህ ሥራ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ከሕጉ ጋር ይጋጫል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሦስተኛዎቹ መዝገቡን የሚጠብቁት የኮምፒውተር አንቀሳቃሾች ናቸው፤ እነሱ የመረብ ማሻሻያን በመሰሉ ጉዳዮች ላይ ድምፅ አላቸው፣ ከካዝና ገንዘብ በማውጣት ላይ ግን የላቸውም።

ከዋናው ካዝና ገንዘብ ለማውጣት ጥያቄ የሚያቀርብ 100 ሺህ አዳ ያስይዛል፤ ሂደቱ ሲያልቅ ይመለስለታል። ይህ የተደረገው ቀልደኛና አጭበርባሪ በየቀኑ ጥያቄ እንዳያጎርፍ ነው። ጥያቄው ለ30 ቀን ገደማ ክፍት ሆኖ ይቆያል። እንዲያልፍ በሥራ ላይ ካሉ ወኪሎች የድምፅ ክብደት 67 በመቶው መደገፍ አለበት፤ ኮሚቴውም መስማማት አለበት። ለ100 ቀን ያህል ድምፅ ሳይሰጥ የቆየ ወኪል እንደቦዘነ ተቆጥሮ ከስሌቱ ይወጣል፤ የተኙ ወኪሎች ሥራውን እንዳያስቆሙት። በ2025 ክረምት መረቡን ከመሠረቱት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ኢንፑት አውትፑት ለልማት ሥራ 96 ሚሊዮን አዳ ጠይቆ የጸደቀለት በዚህ መንገድ ነው። ትናንት ቁልፉን ከያዙት አንዱ የነበረ ድርጅት ዛሬ ጠያቂ ሆኖ በመራጮች ፊት መቆሙ ትልቅ ለውጥ ነው።

ድምፅ በገንዘብ ሲለካ

ይሁን እንጂ የዚህን አሠራር ሥር የሰደደ ችግር መሸፋፈን አይገባም። በእድር ስብሰባ ላይ ባለጸጋውም ጎረቤቱም እጃቸውን ሲያወጡ እኩል ይቆጠራሉ፤ ሰው ሰውን በመልክ ያውቃልና። በብሎክቼይን ግን ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ሺህ አካውንት ሊከፍት ስለሚችል በሰው ቁጥር መምረጥ አይቻልም። ስለዚህ ድምፅ የሚቆጠረው በያዙት ገንዘብ ልክ ነው። አሥር ሚሊዮን አዳ የያዘ አንድ ሰው አንድ አንድ ሺህ አዳ የያዙ አሥር ሺህ ሰዎችን ይመዝናል።

ቢንስቶክ በተባለ የብሎክቼይን ፕሮጀክት ላይ የደረሰው አሠራሩ እስከ ምን ድረስ ሊበላሽ እንደሚችል ያሳያል። በሚያዝያ 2022 አንድ አጥቂ በአንድ የሂሳብ እንቅስቃሴ ውስጥ ተበድሮ በዚያው በሚመለስ ብድር ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ያዘ። በእሱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆነ የድምፅ ኃይል አገኘ፤ ካዝናው ወደ ራሱ እንዲዛወር የሚለውን የራሱን ሐሳብ አጸደቀ፤ ብድሩንም መለሰ። ፕሮጀክቱ 182 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከሰረ። ድምፁ በሕጉ መሠረት ተቆጥሯል፤ ሕጉ ራሱ ግን በሩን ክፍት ትቶት ነበር። የካርዳኖ ዓይነቱ አሠራር የድምፅ ክብደትን በየአምስት ቀኑ መለወጫ ላይ ስለሚመዘግብ ለቅጽበት ተበድሮ መምረጥን ይከለክላል። በገንዘቡ ለዘለቄታው የገዘፈን ሰው ግን አያስቆምም።

ሌሎች የተለየ ስሌት ሞክረዋል። ቪታሊክ ቡተሪን፣ ዞዪ ሂትዚግና ግሌን ዌይል በ2018 ያቀረቡት ዘዴ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ለሰጪዎች ብዛት ያደላል። ዘጠኝ ሰዎች ለአንድ ፕሮጀክት አንድ አንድ ዶላር ቢሰጡ፣ የእያንዳንዱ ስጦታ ካሬ ሥር ተደምሮ ድምሩ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ 81 ነው። አንድ ሰው ብቻውን ዘጠኝ ዶላር ቢሰጥ ግን ውጤቱ ዘጠኝ ነው። የጋራው ድጎማ በዚህ ልክ ይከፋፈላል። ጊትኮይን የተባለው የድጋፍ መድረክ ይህንን ዘዴ ለብዙ ዙሮች ተጠቅሞበታል። ችግሩ ግን ያው ነው፤ አንድ ሰው ዘጠኝ ሰው መስሎ ቢቀርብ ስሌቱ ይታለላል። ስለዚህ ዘዴው የሚሠራው ማንነትን የማረጋገጥ ጥያቄ እስከተመለሰ ድረስ ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ

ኢትዮጵያ ለዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። በ2019 መጀመሪያ የካርዳኖ አልሚ ኩባንያ ኢንፑት አውትፑት በአዲስ አበባ ለኢትዮጵያውያንና ለኡጋንዳውያን ሴት ፕሮግራመሮች ሥልጠና ሰጥቷል። በሚያዝያ 2021 ደግሞ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የአምስት ሚሊዮን ተማሪዎችን ማስረጃ በብሎክቼይን ለመያዝ መስማማቱን አስታውቋል። ይህ ስምምነት የኩባንያና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ከላይ ካየነው የማኅበረሰብ ድጋፍ ጋር መምታታት የለበትም። በዚያው በ2021 ካታሊስት በአፍሪካ ለሚሠሩ ፕሮጀክቶች የተለየ ዘርፍ ከፍቶ ነበር። ካታሊስት ሐሳብና ትጋት ያለው ወጣት ከየትም ሆኖ ሊወዳደር የሚችልበት በር በመሆኑ ሊታወቅ ይገባዋል።

ከመግባት በፊት ግን ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይንና አዳ ባሉ ዲጂታል ገንዘቦች) መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ድጋፉ የሚከፈለው በክሪፕቶ ነውና አመልካች በሚኖርበት አገር ያለውን ወቅታዊ ሕግ አስቀድሞ ይጠይቅ። እንዲሁም ድጋፍ ለማግኘት «መጀመሪያ ገንዘብ ላክ» ወይም «የዋሌትህን (የዲጂታል ቦርሳህን) ምስጢራዊ ቃላት ስጠኝ» የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

ማንኛውም መረብ «በማኅበረሰብ እንተዳደራለን» ሲል የሚፈተሽባቸው ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ካዝናው ከየት ይሞላል? የድምፁ ክብደት በስንት ሰው እጅ ነው? ከድምፁ በፊት «ይህ አይፈቀድም» የሚል የተጻፈ ሕግ አለ? ገንዘቡ ከወጣ በኋላስ ሥራው መሠራቱን የሚያይ አለ? መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ እነዚህን ጥያቄዎች ማንም ሰው ከየትም ሆኖ መመርመር ይችላል፤ ይህ የቴክኖሎጂው እውነተኛ ስጦታ ነው። ነገር ግን ክፍት መዝገብ ራሱን አያነብም። የሚያነበው፣ ሪፖርቱን ከሥራው ጋር የሚያመሳክረው፣ ጉድለት ሲያይ የሚናገረው ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሞሉበት ማኅበረሰብ ሕጉን እያሻሻለ ይሄዳል፤ ያጣቸው ግን ካዝናው ጎድሎ ከተገኘ በኋላ ብቻ ይነቃል።