አንገት ላይ የሚንጠለጠለው አየር ማጽጃ እንዴት ይሠራል?

በፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉራችሁን አበጥራችሁ ወደ ብጥስጣሽ ወረቀት አስጠግታችሁት ታውቃላችሁ? ወረቀቱ ዘሎ ይለጠፍበታል። እንደ ሐብል የሚንጠለጠለው ትንሹ አየር ማጽጃም የሚጠቀመው ይህንኑ የኤሌክትሪክ ስበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው የባትሪውን ኃይል ወደ ሺዎች ቮልት ከፍ ያደርግና በቀጭን መርፌ ጫፍ ኤሌክትሮኖችን ወደ አየር ይለቃል። ኤሌክትሮን የያዙ የኦክስጅን ሞለኪውሎች ኔጌቲቭ አዮን ይሆናሉ። አዮኖቹ አቧራና ጭስ ላይ ሲለጠፉ ብናኙም ቻርጅ ይይዛል፤ ከዚያ በአቅራቢያው ወዳለ ነገር ይሳባል።

ታዲያ ብናኙ የት ሄደ? አልጠፋማ! ልብሳችሁ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ፊታችሁ ላይ አረፈ እንጂ። ወደ ውስጥ ከሳባችሁት ደግሞ ቻርጅ ያለው ብናኝ መተንፈሻ ቧንቧችሁ ላይ በቀላሉ ይለጠፋል። ነፋስ ካለም አዮኖቹ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ይበተናሉ። ከመኪና ጭስ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ጨርሶ አያስወግዱም።

ሌላም ጣጣ አለ። ከፍተኛው ቮልቴጅ ኦክስጅንን ወደ ኦዞን ሊቀይር ይችላል። ኦዞን ሳንባን ስለሚቆጣ አስም ላለበት ሰው ይበልጥ አደገኛ ነው። በዚህም ምክንያት የካሊፎርኒያ ግዛት ከአየር ማጽጃዎች የሚወጣው ኦዞን ከ0.050 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ገደብ አውጥቷል።

ስለዚህ አስም ያለበት ጓደኛችሁ «ይህን ልግዛ እንዴ?» ካላችሁ፣ ጭስ ወይም አቧራ በበዛበት ቦታ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ማስክ እንደሚሻለው ንገሩት። ማስኩ ብናኙን ይዞ ያስቀረዋል፤ አዮኑ ግን ቦታ ብቻ ያስቀይረዋል።