የቤት ተክሎችን የሚገድላቸው ጥማት ነው ወይስ ውሃ?

በየሳሎኑ፣ በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳና በየቢሮው መስኮት ሥር አበባና ቅጠላ ቅጠል ማኖር በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። ይሁንና ሲገዛ ለምለም የነበረው ተክል ብዙ ጊዜ ወር ሁለት ወር ሳይቆይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ይጀምራል። ባለቤቱም “የእኔ እጅ ለተክል አይሆንም” ብሎ ይተወዋል፤ አለዚያም ውሃ አንሶት ነው ብሎ ጠዋት ማታ ያጠጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የቤት ውስጥ ተክል የሚሞተው ተጠምቶ ሳይሆን ውሃ በዝቶበት ነው።

ሥርም አየር ይፈልጋል

የተክል ሥር ከውሃ ሌላ አየርም ያስፈልገዋል። አፈሩ ሁልጊዜ ውሃ ካዘለ፣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ይደፈኑና ሥሩ ኦክስጅን አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል አፈሩ ርሶ እያለ ቅጠሉ ይጠወልጋል። አሳሳቹ ነገር ይህ ነው። የተጠማውም ሆነ ውሃ የበዛበት ተክል ሲያዩት ይመሳሰላል።

ሁለቱን የሚለየው አፈሩ ነው። ጣትዎን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስገቡ። ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፤ እርጥበት ካለው ይተዉት። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ግን ነቅለው ሥሩን ይመልከቱ። ጠቁሮ የላላውን ክፍል በንጹሕ መቀስ ቆርጠው በአዲስ አፈር ይትከሉት።

“በሳምንት ሁለት ጊዜ” የሚባል ቋሚ ደንብ አያዋጣም። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ስለሚጠፋና አየሩ ስለሚረጥብ ተክሉ የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። እሬትን የመሳሰሉ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች አፈራቸው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ይችላሉ። ሲያጠጡ ውሃው ከታች እስኪወጣ ያጠጡ፤ ከሥር ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉት።

ዕቃውና አፈሩ

የወተት ቆርቆሮም ይሁን አሮጌ ባልዲ፣ ከታች ቀዳዳ ከሌለው ተክሉ ውሎ አድሮ መታፈኑ አይቀርም። ከሥሩ ጠጠር መደርደር የቀዳዳውን ሥራ አይተካም። ውሃው ጠጠሩ ላይ ባለው አፈር ውስጥ ተይዞ ይቀራልና። ጥቁር መረሬ አፈር ብቻውን ለቤት ተክል አይመችም፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ቢቀላቀል ለአብዛኞቹ ተክሎች ይስማማል።

የትኛው መስኮት?

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ “ደቡብ የሚያይ መስኮት ፀሐይ ያገኛል” ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነገሩ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ይዞራል። በመሆኑም ግንቦት ላይ ጥላ የነበረው የደቡብ መስኮት በታኅሣሥ ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል። ቅጠሉ ላይ ደረቅና ቡናማ ነጠብጣብ ካዩ ተክሉን ከመስታወቱ ራቅ ያድርጉት። ግንዱ ቀጥኖና ረዝሞ ወደ ብርሃን ካዘነበለ ደግሞ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማዋ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይወርዳል። ሙቀት የሚወዱ ተክሎችን በእነዚህ ወራት ማታ ማታ ከበረንዳ ወደ ቤት ማስገባት ይበጃል።

የቡና አተላና ዩሪያ

የቡና አተላ በተክሉ ሥር መድፋት ብዙ ቤት አለ። ጥቂቱ አይጎዳም። ሲደራረብ ግን ይጠጥርና ይሻግታል፤ ትንንሽ ዝንቦችንም ይስባል። ከሌላ ጥራጊ ጋር አበስብሶ መጠቀም ይሻላል። ለእርሻ የሚሸጠውን ዩሪያ በግምት መበተን ደግሞ በጠባብ ዕቃ ያለን ሥር ያቃጥላል። ቅጠሉን በርጥብ ጨርቅ መወልወል አቧራውን አንስቶ ብርሃን እንዲያገኝ ይረዳዋል። ክሽክሽ ሲወርረው ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ በቅጠሉ ጀርባ ይርጩና ቆይተው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት።

በጓሮ ያለውን በሶብላ ከማበቡ በፊት ጫፍ ጫፉን ቢቀጥፉት ቅርንጫፍ ያበዛል። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር መሬት ይወዳሉ።

ሕፃናት ካሉ

ለውበት የሚተከል ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ዲፈንባኪያ የሚባለው፣ ሰፊ ቅጠሉ በነጭ የተዥጎረጎረ የሳሎን ተክል ሲታኘክ አፍና ምላስን ያቃጥላል፤ ያሳብጣልም። በየግቢው የሚተከለው ኦሊያንደር ቢበላ የልብ ምት ያዛባል። ጤና አዳምም ቢሆን ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ሊያስቋጥር ስለሚችል፣ ብዙ ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ። ሕፃን ልጅ ከእነዚህ ተክሎች አንዱን አፉ ውስጥ ከከተተ አፉን አጥቦ የተክሉን ቅጠል በመያዝ ፈጥኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ተክሉን ሲገዙ ስሙንና ጠባዩን ጠይቆ፣ ጎጂ ከሆነ የልጆች እጅ ከማይደርስበት ማኖር ነው።