የማኅበሩ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት
ያገለገለ ሞተር ብስክሌት እንዴት ይመረመራል?

የታመመ ከብት ሲኖር ሐኪም ለመጥራት፣ ስለ ማዳበሪያ ለመጠየቅ ወይም ባንክ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን በእግር የሚጓዝ የማኅበር መሪ ሞተር ብስክሌት ቢመኝ አይፈረድበትም። አዲሱን ለመግዛት አቅም ያነሳቸው ማኅበራትም ፊታቸውን ወደ አገለገለው ማዞራቸው ተገቢ ነው። ችግሩ ግዢው ብዙውን ጊዜ በገበያ ቀን፣ በችኮላና በቀለሙ ውበት መፈጸሙ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የግዢ ኮሚቴ አጅቦ ሄዶ ነበር። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ጠበቀን። በአንድ እርግጫ ሲነሳ ሁላችንም ተደሰትን። በማግስቱ ማለዳ ግን ገንዘብ ያዡ ላብ እስኪያጠምቀው ቢረግጥ ሊያስነሳው አልቻለም። ፒስቶኑና ፋሻው አልቆ ኖሯል።

ስለዚህ ኮሚቴው ሻጩ ዘንድ በማለዳ ይድረስ። ከሁሉ በፊት ሞተሩን በእጅ ይዳስስ፤ ከሞቀ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ። ቀጥሎም ቁልፉ እንደጠፋ መርገጫውን በእጅ ቀስ ብሎ መጫን ነው። ጤነኛ ሞተር ይቋቋማል፣ ያለቀው ግን ያለ ትግል ይወርዳል። ሞተሩ ተነስቶ ከሞቀ በኋላ ነዳጅ ሲሰጠው ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው። እንደ ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ያለው ዘይትና ቤንዚን ደባልቆ የሚያቃጥለው ዓይነት ግን በተፈጥሮው ስለሚያጨስ በዚህ ብቻ አይፈረድበትም። ጥቁር ጭስ ከታየ የአየር ማጣሪያው ይከፈት። በእኛ የአቧራ መንገድ ሞተርን ቶሎ የሚጨርሰው የማጣሪያ ቸልተኝነት ነውና የማጣሪያው ንጽሕና የባለቤቱንም ጠባይ ይናገራል።

ካቴናው በኋላው ጥርስ ላይ በጣት ወደ ኋላ ይሳብ፤ ከጥርሱ ብዙ ከራቀ ወይም ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ከጎበጡ መቀየሪያው ከዋጋው ይቀነስ። ጎማና ፍሬንም እንዲሁ ናቸው፤ ያረጁ ቢሆኑ ዋጋ መቀነሻ እንጂ ግዢ ማስቀሪያ አይደሉም።

የአካሉ ስብራት ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። እጀታው ከአካሉ በሚገናኝበት አንገት ላይ አዲስ ብየዳ ወይም ለብቻው የተቀባ ቀለም ካለ ዋጋው ቢረክስም መተው ይሻላል። መንዳት የሚችል ሰው በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ይውጣበት። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ሜዳ ላይ ወደ አንድ ጎን ከሳበ ደግሞ አካሉ ሳይጣመም አልቀረም።

ሞተሩ ቢበላሽ መካኒክ ይገኝለታል፤ ወረቀቱ ከተበላሸ ግን የአባላቱ ገንዘብ ቀልጦ ሊቀር ይችላል። በአካሉ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥርና በሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ ወይም ተደራርቦ የተመታ ከመሰለ ኮሚቴው ወደ ቤቱ ይመለስ። በሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ካልሆነ ሕጋዊ ውክልና ይጠየቅ፤ «ወንድሜ ነው» የሚለው ቃል ውክልና አይሆንም። ከቀረጥ ነፃ የገባ ሞተር ደግሞ ይህ መብት ለሌለው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ከፕሮጀክት ወይም ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነም የቀረጡ ማስረጃ ሳይታይ ውል አይፈረም። የባንክ እዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩም ሊብሬውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጣራ።

ቀብድ በገበያ መካከል አይሰጥ። ውሉ በሕግ ሥልጣን ባለው የውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት፣ በማኅበሩ ስም ይፈጸም፤ ሊቀ መንበሩ በራሱ ስም ቢያዛውር ነገ ጠብ ይወልዳል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ስለሆነ ወጪው በበጀቱ ይታሰብ። የሚነዳው አባል የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ከሌለው ሥልጠናው ከግዢው አስቀድሞ ይጀመር።