«ሊፍት አለው?» ብሎ መጠየቅ ለምን አይበቃም፦ የአውሮፓ የወንዝ ላይ ሽርሽርና የመንቀሳቀስ ችግር ያለበት ተጓዥ

እንደሚታወቀው እኛ የቱሪዝም ተማሪዎች «ሁሉን ያካተተ ቱሪዝም» የሚለውን አባባል በየክፍሉ እንሰማለን፤ ለፈተናም እንሸመድደዋለን። እኔ ግን ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ጀርመን አገር በሚኖሩት አክስቴ ምክንያት ነው። አክስቴ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ የሚሄዱት በከዘራ ነው፤ መንገዱ ሲረዝም ደግሞ በዊልቸር። ልጆቻቸው በዳኑብ ወንዝ ላይ የአንድ ሳምንት የመርከብ ሽርሽር ሊጋብዟቸው ፈለጉና የጉዞ ወኪሉን «መርከቡ ሊፍት አለው?» ብለው ጠየቁ። «አለው» ተባሉ። ውሸት አልነበረም። ሊፍቱ ግን የሚሠራው በሁለቱ የላይኛ ፎቆች መካከል ብቻ ነበር፤ ዋጋው ረከሰ ተብሎ የተያዘላቸው ክፍል ደግሞ ከታችኛው ፎቅ ላይ። ከሰባቱ ቀን አራቱን ከተማ ሳይወርዱ፣ ከውኃው ጥቂት ከፍ ባለች ጠባብ መስኮት ሲያዩ ዋሉ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ ከየት እንደሚመጣና አስቀድሞ ምን መጠየቅ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

ሀ. መርከቡ ለምን ጠበበ?

የባሕር መርከብ እንደ ትልቅ ሆቴል ሊሰፋ ይችላል። የወንዝ መርከብ ግን የሚሠራው በሚያልፍበት በር ልክ ነው። ወንዙ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታ መርከቡ ሎክ በሚባል፣ በሁለት በር በሚዘጋ የውኃ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ውኃው ሲሞላ ወደ ላይ፣ ሲጎድል ወደ ታች ይሄዳል። የራይን ገባር የሆነውን ማይንን ከዳኑብ ጋር የሚያገናኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጠናቀቀው ቦይ 171 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 16 ሎኮች አሉት። የሎኮቹ ስፋት 12 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ለማለፍ የተሠራ የሽርሽር መርከብ ስፋቱ ከ11 ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ርዝመቱም ቢበዛ 135 ሜትር ነው። ኮሪደሩም፣ በሩም፣ መታጠቢያ ቤቱም ከዚሁ ላይ ነው የሚቆረሰው። ለዊልቸር የተዘጋጀ ክፍል በብዙ መርከቦች ላይ ወይ የለም፣ ወይም አንድ ሁለት ብቻ ነው።

ከፍታውም እንደዚሁ ነው። ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ በመሆናቸው የካፒቴኑ ክፍል ሳይቀር ወደ ታች እንዲወርድ ሆኖ ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ ሊፍቱ እስከ ጣሪያው ሰገነት የማይደርሰውም ለዚህ ነው።

ለ. ከመርከቡ ወደ መሬት

በእኔ እምነት ዋናው ፈተና እዚህ ላይ ነው። ተጓዡ የሚወርደው በጠባብ መሸጋገሪያ ሲሆን የወንዙ ውኃ ከፍና ዝቅ ሲል መሸጋገሪያውም ይቀናል ወይም ቁልቁል ይሆናል። በዚያ ላይ ወደቡ ሲጨናነቅ ሁለት ሦስት መርከቦች ጎን ለጎን ይታሰራሉ። ያን ጊዜ ወደ መሬት ለመድረስ በሌላው መርከብ ውስጥ ማለፍ ግድ ነው። በሮቻቸው ካልገጠሙ ደግሞ መንገዱ በጣሪያው ሰገነት በኩል ነው፤ በደረጃ ወጥቶ በደረጃ መውረድ ማለት ነው። ያ ሊፍት ምን ዋጋ አለው?

ከተሞቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በቪየና የከተማው ባቡር ጣቢያዎች ሁሉ ሊፍት ስላላቸው በዊልቸር ብዙ ማየት ይቻላል። በዚያው በኦስትሪያ ባለችው በዱርንስታይን ግን መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ወደ ፍርስራሹ ቤተ መንግሥት የሚወስደው ደግሞ ድንጋያማ ዳገት ነው።

ሐ. ውኃው ሲጎድልና ሲሞላ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በራይን ላይ በካውብ የሚገኘው የውኃ መለኪያ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ደግሞ ፓሳው ከተማ በከባድ ጎርፍ ተጥለቀለቀች። እንዲህ ሲሆን መርከብ ማለፍ ስለማይችል ተጓዦች በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ሌላ መርከብ የሚዛወሩበት ጊዜ አለ። ጤነኛ ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ እንግልት ነው። በዊልቸር ለሚሄድ ግን አውቶቡሱ ደረጃ አለው፤ አዲሱ መርከብም ተስማሚ ክፍል ላይኖረው ይችላል።

መ. ሕጉ ምን ይላል?

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1177/2010 ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 18 ቀን 2012 ጀምሮ ነው። ከአባል አገር ወደብ በሚነሳ ሽርሽር ላይ አንድን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት አላሳፍርም ማለት ወይም ተጨማሪ ዋጋ መጠየቅ ክልክል ነው። ተጓዡም በበኩሉ ፍላጎቱን ትኬት ሲቆርጥ፣ እርዳታ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 48 ሰዓት ቀደም ብሎ ማሳወቅ አለበት። ነገር ግን ደንቡ የደኅንነት ሕግን፣ እንዲሁም የመርከቡንና የወደቡን አሠራር እንደ ምክንያት ይቀበላል። ከላይ እንዳየነው ችግሩ ያለው እዚያው አሠራሩ ላይ ነው። ሕጉ ሎኩን አያሰፋውም። ለተጓዡ የሚተርፈው ነገር ትክክለኛ መረጃ ነው።

ሠ. ምን እንጠይቅ?

1. ሊፍቱ ከየትኛው ፎቅ እስከ የትኛው ይደርሳል?
2. የክፍሉና የመታጠቢያ ቤቱ በር ስንት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል? የሻወሩ ደፍስ ምን ያህል ከፍ ይላል?
3. በየትኞቹ ከተሞች ከሌላ መርከብ ጋር ጎን ለጎን ሊታሰር ይችላል?
4. ከመርከቡ እስከ አውቶቡሱ ወይም እስከ ከተማው ስንት ደረጃ አለ?
5. መርከብ ቢቀየር ተመሳሳይ ክፍል ይገኛል?

ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመት ለራይን ጉዞ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ሌላ ወኪል ዘንድ ሄዱ። መልሱ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ግን መጣ። አክስቴ ሲመለሱ «ሁለት ከተማ አልወረድኩም፤ ግን እንደማልወርድ ቀድሜ ስለማውቅ አልከፋኝም» አሉኝ።

በመጨረሻም፣ ነገ ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ የምንቀመጠው እኛ ነን። የዳኑብ መርከብም እንሽጥ የጣና ጀልባ፣ «ሊፍት አለው?» ወይም «መውረድ ይቻላል?» ብሎ ለሚጠይቀን ሰው «አዎ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ከአልጋው እስከ ከተማው ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ቆጥረን እንንገረው። መሄድ አለመሄዱን እሱ ራሱ ይወስናል።