ያውቁ ኖሯል? የሲ ኮድን መልክ የሚያስይዙ ትእዛዞች

የሲ ኮምፓይለር ለኮድዎ መልክ ደንታ እንደሌለው ያውቁ ኖሯል? መስመሩ ገባ ወጣ ቢል፣ ቅንፉ ወዲያ ማዶ ቢወድቅ ለእሱ ያው ነው። በሃሽ (#) የሚጀምሩት የኢንክሉድና የዲፋይን መስመሮች ለየብቻቸው ይቁሙ እንጂ፣ የቀረው ፕሮግራም በአንድ ረጅም መስመር ቢደረደርም ኮምፓይል ይሆናል። ሥርዓቱ የሚያስፈልገው ለሰው ነው፤ ለሚያርመው መምህር፣ አብሮ ለሚሠራው የቡድን ጓደኛ፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ ስህተት ለሚፈልገው ለራሱ ለጸሐፊው።

ይህን ሥራ ስፔስ እየቆጠሩ በእጅ መሥራት እንደማያስፈልግስ? ተርሚናል ከፍተው የሚጽፏት አንዲት ትእዛዝ አንድ ሺህ መስመር ኮድ በቅጽበት ታስተካክላለች። መሣሪያዎቹ ነጻ ናቸው፤ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቁም፤ ባረጀ ላፕቶፕም ላይ ያለችግር ይሠራሉ።

ጉብሬ ላይ የሚማሩ ከሆነ ነገሩ በቀጥታ ይመለከትዎታል። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጉብሬ፣ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ በአብዛኛው የሚሰጠው የሲ ታናሽ በሆነው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው፤ ስለ ኮድ መልክ የሚነሣው ጥያቄም ለሁለቱም አንድ ነው።

ተማሪው ሁሉ የሚያውቃቸው ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስና ኮድ ብሎክስ ውስጥ መልክ አስያዥ ተደብቆ እንደሚገኝ ያውቁ ኖሯል? አዲሶቹ የዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ ቅጂዎች «አስታይል» የሚል ሜኑ አላቸው፤ በኮድ ብሎክስም ከፕለጊን ሜኑ ሥር ያገኙታል። ሁለቱም ከበስተኋላ የሚጠሩት አርቲስቲክ ስታይል የሚባለውን ያንኑ ፕሮግራም ነው። ያለ ኤዲተር፣ በተርሚናል ብቻም ይሠራል። ጥቅሙ የሚጎላው እዚያ ነው፤ በሜኑ አንድ ፋይል ከፍተው አንድ ፋይል ያስተካክላሉ፣ በተርሚናል ግን ፎልደሩን ሙሉ በአንድ ትእዛዝ።

ከሥራው አያቶች አንዷ «ሲቢ» የምትባል ትእዛዝ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1979 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከወጣው ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ትታደል ነበር። እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው «ኢንደንት» ግን ከዚያም ይቀድማል፤ የባለቤትነት ማስታወሻው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ስም የተጻፈው በ1976 ነው። ከዚያ በኋላ ማን እንደነካካው ያውቁ ኖሯል? ጄምስ ጎስሊንግ! በኋላ ጃቫን የፈጠረው ሰው፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኢንደንትን አሻሽሎታል። ከበርክሌይ ዩኒክስ ጋር የተሠራጨው ማስታወሻ ይህንኑ መዝግቦ፣ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ቢጻፍ እንደሚሻል፣ ይሁንና በጊዜው ከነበሩት ሁሉ ሳይበልጥ እንደማይቀር በግልጽ ይናገራል።

የዚሁ ፕሮግራም ቅጂ የሆነውን ጂኤንዩ ኢንደንትን መጠቀም ይህን ያህል ቀላል ነው፦ የትእዛዙን ስም፣ ቀጥሎ ሰረዝ (-) አድርገው የቅጡን ስም፣ በመጨረሻ የፋይሉን ስም ይጽፋሉ። ከሰረዙ በኋላ «ሊኑክስ» ካሉ የሊኑክስ ከርነል ቅጥ፣ «ኬ አር» ካሉ የከርኒሃንና የሪቺ መጽሐፍ ቅጥ፣ ምንም ካላሉ የጂኤንዩ ቅጥ ይወጣል። ዋናውን ፋይል ሲለውጥ የቀድሞውን ቅጂ ስሙ መጨረሻ ላይ የሞገድ ምልክት (~) ጨምሮ ያስቀምጥልዎታል። ሳይለውጥ ውጤቱን በስክሪን ብቻ እንዲያሳይ ከፈለጉ ደግሞ ሰረዝ አድርገው «ኤስ ቲ» ይበሉት። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ኢንደንት የተሠራው ለሲ ብቻ ነው፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ሲሰጡት ኮዱን ሊያበላሽ ይችላል።

የቅንፍ ክርክር ከሲ ጋር እኩል ያረጀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲን ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ የፈጠረው በ1972 ገደማ ሲሆን፣ ከብራያን ከርኒሃን ጋር የጻፈው መጽሐፍ በ1978 ወጣ። በመጽሐፉ ቅጥ መክፈቻ ቅንፉ ከኢፉ ጋር እዚያው መስመር ላይ ይቆያል፤ በፈንክሽን ጊዜ ብቻ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ሴንድሜይል የተባለውን ፕሮግራም በጻፈው በኤሪክ አልማን ስም የሚጠራው ቅጥ ደግሞ ሁሉንም መክፈቻ ቅንፍ ለብቻው ያወርዳል። የሊኑክስ ከርነል የቅጥ ሰነድ ገና ሲጀምር የጂኤንዩን ደንብ አትመው እንዲያቃጥሉት ይመክራል፤ ክርክሩ ምን ያህል የጋለ እንደነበር ከዚህ ይገመታል። ያው ሰነድ ግን ኮዳቸው ለተዝረከረከባቸው ሰዎች መድኃኒቱ ኢንደንት መሆኑን ይናገራል። የከርነሉ ሠራተኞች «ሊንደንት» የተባለች፣ ኢንደንትን በከርነሉ ደንብ የምትጠራ ትንሽ ስክሪፕት ለዓመታት ተጠቅመዋል።

ለጉራጌ ልጅ የጋራ ቅጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አይከብድም። በመንደሩ ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የጋራ መንገድ አለ፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይሠራሉ፤ ማንም ተነሥቶ አጥሩን ወደ መንገዱ አይገፋም። የጋራ የኮድ ቅጥም እንዲሁ ነው። የማን ቅጥ ያምራል ብሎ ከመከራከር ሁሉም በአንዱ ተስማምቶ ማደሩ ይበልጣል፤ ዳኝነቱን ለመሣሪያው መስጠት ደግሞ ጭቅጭቁን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ስንት ስፔስ ይሻላል? በ1983 ሚያራ፣ ሙሰልማን፣ ናቫሮና ሽናይደርማን ባሳተሙት ጥናት ለማንበብ የተመቸው ከ2 እስከ 4 ስፔስ ገባ ያለው ኮድ ሆኖ ተገኝቷል። ሊኑክስ 8 ይላል፤ ምክንያቱንም ሰነዱ ይነግራል፦ ከሦስት ደረጃ በላይ ወደ ውስጥ መግባት ካስፈለገ ጥፋቱ ከፕሮግራሙ ነው፣ አስተካክለው።

80 ፊደል የሚለው የመስመር ርዝመት ልክ ከየት እንደመጣስ? አይቢኤም በ1928 ካወጣው ባለ 80 ዓምድ የወረቀት ካርድ ነው። ካርዱ ከጠፋ ዘመናት ተቆጥረዋል፤ ልኩ ግን እስከ ዛሬ አለ።

የተዛባ አቀማመጥ የሚሊዮኖችን ስልክ ለአደጋ እንዳጋለጠ ያውቁ ኖሯል? በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. አፕል ለአይፎን በጥድፊያ የማስተካከያ እትም አወጣ፤ ቁጥሩ 7.0.6 ነው። ስህተቱ የነበረው አንድ ድረ ገጽ በእርግጥ ነኝ የሚለው መሆኑን በሚያጣራ የሲ ፈንክሽን ውስጥ ነው። ከአንድ ኢፍ ሥር «ጎቱ ፌይል» የሚል መስመር ነበር፤ ከሥሩ ያው መስመር በስህተት ተደግሟል። ሁለቱም እኩል ወደ ውስጥ ገብተው ስለተጻፉ ለሚያነብ ሰው ሁለቱም የኢፉ ሥር ይመስላሉ። ቅንፍ ስለሌለ ግን ኢፉ የሚያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ያለምንም ቅድመ ሁኔታ ሁልጊዜ ይፈጸማል፤ ከእሱ በታች ያለው ፊርማ የማረጋገጥ ሥራም ተዘሎ ይታለፋል። በአንድ ካፌ ዋይፋይ ላይ አብሮዎት የተቀመጠ አጥቂ ባንክዎን መስሎ ሊቀርብ ይችል ነበር ማለት ነው።

መልክ አስያዥ መሣሪያ ቅንፍ ቆጥሮ እንጂ ዓይቶ አይፈርድም። ያ ፋይል በአንዱ ቢያልፍ ኖሮ ሁለተኛው መስመር ከኢፉ ሥር ወጥቶ ከኢፉ ትይዩ ይቆም ነበር፤ ከኢፍ ውጭ ብቻውን የቆመ «ጎቱ» ደግሞ የማንንም ዓይን ይወጋል። በ2016 የወጣው ጂሲሲ 6 የተባለው ኮምፓይለር ይህን ዓይነቱን አሳሳች አቀማመጥ የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል፤ ብዙ ማስጠንቀቂያዎችን በአንድ ጊዜ የሚያበራውን «ዎል» የተባለውን አማራጭ ካበሩ አብሮ ይመጣል። ሁልጊዜ ያብሩት።

በኤኤልኤክስ የሶፍትዌር ምህንድስና ሥልጠና ያለፉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች «ቤቲ»ን አይረሷትም። ሥልጠናው በሆልበርተን ትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርት ላይ የቆመ ሲሆን፣ የሲ ኮድ ሁሉ በቤቲ ተፈትሾ ማለፍ ነበረበት። ቤቲ ከሊኑክስ ከርነል ደንብ የተቀዳች የተርሚናል ትእዛዝ ናት፦ ወደ ውስጥ መግቢያው ታብ ይሁን፣ ፈንክሽኑ ከ40 መስመር አይብለጥ፣ ከየፈንክሽኑ በላይ ማብራሪያ ይጻፍ ትላለች። ስሟን ያገኘችው ከቤቲ ሆልበርተን ነው። ኢኒያክ የተባለውን ቀደምት ኮምፒውተር መጀመሪያ ፕሮግራም ካደረጉት ስድስት ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ በ2001 አረፉ።

ቤቲ ጥፋቱን ከነመስመር ቁጥሩ ትነግራለች እንጂ አታስተካክልም። በዚህ ምክንያት ስንት ወጣት ሌሊቱን ታብና ስፔስ ሲለቅም አድሯል! ፋይሉን አስቀድሞ በኢንደንት የሊኑክስ ቅጥ ማሳለፍ አብዛኛውን ልፋት ያስቀራል። የሚቀረው ፈንክሽኑን ማሳጠርና ማብራሪያውን መጻፍ ነው፤ እሱ ደግሞ በእርግጥም የተማሪው ሥራ ነው።

በዛሬው ጊዜ በሰፊው የሚሠራበት «ክላንግ-ፎርማት» ነው፤ ሲንም ሲ ፕላስ ፕላስንም ይችላል። የኤልኤልቪኤም ፕሮጀክት አካል ሲሆን በ2013 ገደማ ወጣ። ረጅም መስመር የት ላይ እንደሚሰበር ሲወስን፣ ካርታ ላይ አጭሩን መንገድ በሚያገኘው በዳይክስትራ ስልት እንደሚያሰላ ያውቁ ኖሯል? ለእያንዳንዱ መስበሪያ ቦታ የቅጣት ነጥብ ይሰጥና ድምሩ ያነሰውን ይመርጣል። ዳታ ስትራክቸር ክፍል ውስጥ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ለሚል ተማሪ አንዱ መልስ ይኸው።

የኤልኤልቪኤም፣ የጉግል፣ የሞዚላ፣ የማይክሮሶፍትና የሌሎችም ቅጥ አብሮት ተዘጋጅቶ ይመጣል። ምርጫዎን በነጥብ ከሚጀምር ትንሽ ፋይል ውስጥ ጽፈው ፕሮጀክቱ ሥር ካስቀመጡ፣ ቡድኑ ሁሉ ሳይመካከር አንድ ዓይነት ኮድ ያወጣል። የሊኑክስ ከርነልም ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያለ ፋይል አለው።

ሁለት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ክላንግ-ፎርማት ሰረዝ አድርገው «አይ» ሲሉት ፋይሉን እዚያው ይለውጠዋል፤ እንደ ኢንደንት የቀድሞውን ቅጂ አያስቀምጥም። ስለዚህ አስቀድመው በጊት ኮሚት ያድርጉ። ሁለተኛ፣ የኢንክሉድ መስመሮችን በፊደል ቅደም ተከተል ሊያሰልፍ ይችላል፤ ቅደም ተከተላቸው ለውጥ በሚያመጣባቸው የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ይህ ኤረር ያስከትላል። ማሰለፉን ማጥፋት ይቻላል። በእጅ በሰንጠረዥ መልክ የደረደሩትን ቁጥር እንዳይነካ ሲፈልጉም በኮመንት መልክ «አቁም» እና «ቀጥል» የሚሉ ምልክቶች ያደርጉለታል።

በአማርኛ ኮመንት የሚጽፉ ከሆነ ይህኛው ለእርስዎ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ባይት እየቆጠረ የመስመር ርዝመት የሚለካ መሣሪያ 30 ፊደል ያለውን የአማርኛ ኮመንት 90 አድርጎ ይቆጥረውና ከ80 አለፈ ብሎ ያለቦታው ይሰብረዋል። ክላንግ-ፎርማት ግን ዩቲኤፍ-8ን ስለሚያውቅ የሚለካው በስክሪን ላይ የሚይዘውን ስፋት ነው።

የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላት በዩኒኮድ የራሳቸው ቦታ እንዳላቸውስ ያውቁ ኖሯል? የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ሲገባ የጎደሉት፣ እንደ «ᎀ» ያሉት፣ በ2005 ተጨመሩ። በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች ሌሎች 28 ፊደላት ገቡ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ የተመደቡት ራቅ ባለ ስፍራ ስለሆነ እያንዳንዳቸው 4 ባይት ይይዛሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ኮዱን ማብራራት የሚፈልግ የጉብሬ ተማሪ ፊደሉ አለለት፤ መሣሪያውን ሲመርጥ ብቻ ይጠንቀቅ።

በ2020 ከወጣው ጂሲሲ 10 ወዲህ የቫርያብል ስም ራሱ «ውጤት» ተብሎ በግዕዝ ፊደል በቀጥታ ሊጻፍ ይችላል። በሰሚኮለን (;) ፈንታ ድርብ ሰረዝ (፤) ካስገቡ ግን ኮምፓይለሩ አይቀበልዎትም፤ የአማርኛ ኪቦርድ ሳያጠፉ ወደ ኮድ የተመለሱ ዕለት መጀመሪያ ይህን ይፈትሹ።

መልክ አስያዡ የፕሮግራሙን ትርጉም እንዳልነካ ማረጋገጥ ይፈልጋሉ? ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ኮምፓይል አድርገው የወጡትን ሁለት ኦብጀክት ፋይሎች ያነጻጽሩ። የመስመር ቁጥር ወይም የዲበግ መረጃ የሚይዝ ነገር ከሌለበት ሁለቱ አንድ ናቸው። አሮጌ ፕሮጀክት ሙሉ በሙሉ ሲያስተካክሉ ደግሞ ለብቻው አንድ ኮሚት ያድርጉት። ከ2019 ጀምሮ ጊት የመስመሮችን ጸሐፊ ሲያሳይ እንዲህ ያለውን ኮሚት እንዲዘል ሊታዘዝ ስለሚችል የማን ሥራ የማን እንደሆነ አይጠፋም።

የመመረቂያ ፕሮጀክት የጀመሩ ተማሪ ከሆኑ የቅጥ ፋይሉን ዛሬውኑ ያስቀምጡ፤ ኮዱ ከበዛና አምስት ሰው አምስት ዓይነት ከጻፈበት በኋላ ማስማማቱ ይከብዳል። መምህር ከሆኑም ከመጀመሪያው ላብ ጀምሮ ይህችን አንዲት ትእዛዝ ያሳዩልን። ተማሪው ቅንፍ ሲያስተካክል የሚያጠፋው ሰዓት ሎጂኩን ለማሰብ ይትረፍለት።