የቤት ወጪን መቀነስ ከባድ ዕዳን የሚያቃልለው መቼ ነው?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)



ስለ አገር ዕዳ በዚህ አዳራሽ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። የቤተሰብ ዕዳ ግን ወደ ትምህርት ክፍላችን የሚገባው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲገባም አብዛኛውን ጊዜ በምክር መልክ ነው። «ወጪህን ቀንስ» ይባላል። ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ከየትኛው ወጪ፣ ምን ያህል፣ የትኛውን ዕዳ ለመክፈል የሚሉት ጥያቄዎች ካልተመለሱ አንድ ቤተሰብ ለዓመታት ሆዱን አስሮ ኖሮ ዕዳውን ባለበት ሊያገኘው ይችላል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ እንዴት እንደሚሆን ነው።

ለሒሳቡ እንዲመቸን በአዲስ አበባ በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ሁለቱም ባለትዳሮች ደመወዝተኞች የሆኑበት፣ ሦስት ልጆች ያሉት አንድ ቤተሰብ እናስብ። ቤተሰቡ እኔ ለማስረዳት ያህል ያቆምኩት ነው፤ ቁጥሮቹም የምሳሌ ቁጥሮች ናቸው። ከግብር በኋላ በወር 32,000 ብር ይገባል። ለቤት ኪራይ 9,000 ይወጣል። ለቀለብ 11,000፣ ለትራንስፖርት 2,200፣ ለልጆች ትምህርት 2,000፣ ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለስልክና ለዕድር በጠቅላላው 1,800 ብር ይወጣል። እስከዚህ ድረስ 26,000 ብር ነው፤ 6,000 ብር የሚተርፍ ይመስላል።

አሁን ወደ ዕዳው እንለፍ። ባል ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር 150,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበድሯል፤ በ48 ወር ለመክፈል በየወሩ 3,950 ብር ገደማ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ሚስት 20 አባላት ባሉት፣ በወር 2,000 ብር በሚጣልበት ዕቁብ ውስጥ ናት፤ ዕጣዋ በስድስተኛው ወር ወጥቶ 40,000 ብር ተቀብላለች፤ 14 ወር ይቀራታል። በመጨረሻም አንድ ልጅ በታመመ ጊዜ ከግለሰብ የተወሰደ 30,000 ብር አለ፤ ወለዱ በወር 10 በመቶ ነው። ይህ በየመንደሩ በሹክሹክታ የሚነገረው አራጣ ነው። ወለዱ ብቻ በየወሩ 3,000 ብር ይወስዳል፤ ዋናው ገንዘብ አይነካም።

ሦስቱን ስንደምር 8,950 ብር ይሆናል። የሚተርፈው 6,000 ብር ነበር፤ ስለዚህ ቤቱ በየወሩ 2,950 ብር ይጎድለዋል። ጉድለቱ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሰፈሩ ሱቅ ደብተር ይሄዳል። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው በዱቤ ይመጣል፤ ደብተሩ ሲሞላ ደግሞ ከዘመድ ይለመናል።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። የወሩ ጉድለት 2,950፣ የአራጣው ወለድ 3,000። ቤቱን እያጎደለ ያለው ቀለቡ እንዳልሆነ ከዚህ ትረዳላችሁ። ይህ ቤተሰብ «ወጪህን ቀንስ» የሚለውን ምክር ተቀብሎ ሥጋውን ቢተው፣ ቡናውን ቢቀንስ፣ ልጆቹን በእግር ቢልክና በዚህ ሁሉ 2,950 ብር ቢያተርፍ ከአራጣው ዕዳ አንድ ሳንቲም አይቀንስም። ያገኘው ነገር ቢኖር አዲስ ዕዳ እንዳይጨመር ማድረግ ብቻ ነው። በአንጻሩ የማኅበሩ ደንብ ፈቅዶለት ያንን 30,000 ብር ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ በ12 በመቶ ቢበደርና የአራጣውን ዕዳ ቢዘጋ፣ በ48 ወር ሲከፈል የሚመጣው ተጨማሪ ቆረጣ በወር 790 ብር ያህል ነው። ጉድለቱ ወደ 740 ብር ይወርዳል። ያን ጊዜ በወር 1,500 ብር መቆጠብ የቻለ ቤት ጉድለቱን ሸፍኖ 760 ብር ይተርፈዋል። ተመሳሳይ ቤት፣ ተመሳሳይ ገቢ፤ የቁጠባው ውጤት ግን የማይነጻጸር ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ ቅደም ተከተል ይወስናል የሚለው ነው፤ የወጪ ቅነሳው መምጣት ያለበት የዕዳው ዓይነት ከታወቀ በኋላ ነው። በአገራችን ደግሞ የዕዳዎቹ ዓይነት እጅግ ይለያያል። ባንክ ቤት ብቻ ለሚያውቅ የውጭ አገር መጽሐፍ ይህ አይታየውም።

ዕቁብን እንውሰድ። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበዳሪ ነው፤ በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ያለ ወለድ አበዳሪ ነው። የዋጋ ግሽበት ከፍ ባለበት ዘመን የመጨረሻው ሰው የተቀበለው 40,000 ብር በጀመረበት ወር የነበረውን ያህል ዕቃ አይገዛም። ስለዚህ ዕጣው ለወጣለት ሰው ዕቁብ በወረቀት ሒሳብ ርካሹ ዕዳ ነው፤ «ወለድ የሌለውን መጨረሻ ክፈል» የሚለው ደንብ ዕቁቡን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ነገር ግን ዕቁብ ያቋረጠ ሰው ዋሱን ያስከፍላል፤ ስሙም በሰፈሩ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ዳኛ ወደ ዕቁቡ አያስገባውም። ወለድ የሌለው ዕዳ ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ዋጋው በሌላ ሚዛን ይለካል።

ስለ አራጣ ሕጉ የሚለውን ማወቅ ለተማሪዎቻችን ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 ተዋዋዮች ከ12 በመቶ የዓመት ወለድ በላይ እንዳይስማሙ ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 712 አራጣን ወንጀል አድርጎ ይደነግጋል። ታዲያ ተበዳሪው ለምን አይከስም? አበዳሪው ወለዱን በውሉ ላይ አይጽፈውም። ወለዱን ከዋናው ገንዘብ ጋር ደምሮ አንድ የብድር መጠን አድርጎ ያስፈርማል፤ አንዳንዴም ቼክ ይቀበላል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በዚያው ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት ወንጀል ነው። እንግዲህ በሕግ ጥበቃ የሚገባው ሰው ራሱ ተከሳሽ የሚሆንበት በር ተከፈተ ማለት ነው። የወር 10 በመቶ ወለድ ሳይከፈል ቀርቶ በዋናው ላይ እየተደመረ ቢሄድ 30,000 ብር በዓመቱ መጨረሻ ከ94,000 ብር በላይ ይሆናል። ይህን የሚከፍል የሽንኩርት ቁጠባ የለም።

እግረ መንገዴን ስለ ባልና ሚስትም አንድ ነገር ልበል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከመቶ ብር በላይ ለመበደር የሁለቱንም ባለትዳሮች ስምምነት ይጠይቃል፤ ለትዳሩ ጥቅም የገባ ዕዳም የሁለቱም የአንድነትና የነጠላ ዕዳ ይሆናል። መቶ ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ መጠኑ ያስቃል። መንፈሱ ግን ትክክል ነው። ባል የማያውቀው የሚስት ዕቁብ፣ ሚስት የማታውቀው የባል አራጣ ባለበት ቤት ከላይ የሠራነውን ሒሳብ መሥራት አይቻልም። ሁሉም ዕዳ በአንድ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ የወጪ ቅነሳው የሚጀመረው በግምት ነው።

አሁን ወደ ወጪው ራሱ እንምጣ። የሳክሶኒው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 የቤልጅግ ሠራተኞችን የቤተሰብ በጀት መርምሮ፣ ቤተሰብ ይበልጥ ድሀ በሆነ ቁጥር ከወጪው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ እንደሚጨምር አሳየ። ለርእሳችን ያለው ትርጉም ቀላል ነው፤ ገቢው ዝቅ ያለ ቤት የሚቆርጠው ትርፍ ነገር ጥቂት ነው፤ ሲቆርጥም የሚቆርጠው ከሰሐን ነው። በእኛ ቤቶች ደግሞ ከሰሐን ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጎድለው ለሁሉም አቅርባ በመጨረሻ የምትበላው እናት ድርሻ ነው። በወረቀት ላይ «የቀለብ ወጪ በ1,000 ብር ተቀነሰ» ብለን ስንጽፍ የማን ምሳ እንደተቀነሰ መጠየቅ አለብን።

ከሰሐን ሳይቆረጥ የሚቀነስ ነገር ግን አለ። እርሱም የአገዛዝ ወጪ ነው። ጤፍን በየሳምንቱ በኪሎ የሚሸምት ቤት ለአንዱ ኪሎ የሚከፍለው ዋጋ በኩንታል ከሚሸምተው ይበልጣል። አዝመራው በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር የሚሸምትና ክረምት ሲገባ የሚሸምት ሰውም አንድ ዋጋ አይከፍሉም። ችግሩ በርካሽ ለመግዛት አስቀድሞ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ማስፈለጉ ነው፤ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ የሌለው ያንኑ ነው። ድህነት ራሱ ዋጋ ይጨምራል የምንለው ለዚህ ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ተባብረው አንድ ኩንታል ቢከፋፈሉ ግን ችግሩ በከፊል ይፈታል። ለበዓል በሬ በቅርጫ የሚካፈል ሕዝብ ጤፍና በርበሬን በዚያው መንገድ ለመካፈል አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም።

እንጀራን ቤት መጋገር ከመግዛት ይረክሳል ወይ? እንደ ሁኔታው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። የመብራት ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር በደረጃ ከፍ ይላል። በየሁለት ቀኑ ምጣዱን እንደገና እያሟሟቁ ጥቂት መጋገር ያባክናል፤ በአንድ ሙቀት የሳምንቱን መጋገር ያተርፋል። ብዙ እናቶች ይህን ያለ መሐንዲስ ያውቁታል።

ኪራይ ትልቅ ወጪ ነው፤ ወደ ከተማው ዳር ቢወጣ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ትራንስፖርቱ ይጨምራል፤ ሁለቱን ደምሮ ማየት ነው። በዓልና ድግስ ላይ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ለክርስትናና ለሠርግ ተብሎ በአራጣ የተወሰደ ገንዘብ ካለ ከሁሉም ወጪ በፊት መነሣት ያለበት ጥያቄ እርሱ ነው።

ሊቆረጥ የማይገባው ዕድር ነው። የወር መዋጮው ትንሽ በመሆኑ በቀላሉ የሚቆረጥ ይመስላል። ዕድር ግን ሐዘን በሚመጣበት ቀን ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ገንዘቡንና ሰውን ይዞ የሚደርስ ኢንሹራንስ ነው። እርሱን ያቋረጠ ቤተሰብ በአንድ ሞት ወደ አራጣ ይመለሳል።

ይህም ወደ መጨረሻው ነጥቤ ያደርሰኛል። ዲን ካርላን፣ ሰንዲል ሙላይናታንና ቤንጃሚን ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት በሕንድና በፊሊፒንስ ያሉ የገበያ ነጋዴዎችን የአራጣ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ከፈሉላቸው። ዕዳቸው በአንድ ቀን ዜሮ ሆነ። አብዛኞቹ ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ ዕዳ ተመለሱ። ይህን ያነበበ ሁሉ «ሰዎቹ ገንዘብ አያያዝ አያውቁም» ለማለት ይቸኩላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዕዳው ተሰረዘ እንጂ በእጃቸው መጠባበቂያ አልተቀመጠም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ለመጀመሪያው የልጅ ሕመም ያለው በር ያው የአበዳሪው በር ነው ብዬ እገምታለሁ። በምሳሌያችንም ቤተሰቡን ወደ አራጣ የወሰደው የልጅ ሕመም እንደነበረ አስታውሱ።

ስለዚህ በምሳሌያችን ቤተሰብ የተረፈው 760 ብር መጀመሪያ የት ይግባ ብትሉኝ፣ ወደ ዕዳ ሳይሆን ወደ መጠባበቂያ እላለሁ፤ በአንድ ዓመት 9,120 ብር ይሆናል። ይህን ስል ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ጋር እንደምለያይ አውቃለሁ፤ ባንክ የሚከፍለው የቁጠባ ወለድ ከ12 በመቶው የብድር ወለድ ያነሰ ስለሆነ ገንዘቡን ማስቀመጥ በሒሳብ ኪሳራ ነው ይሉኛል። ኪሳራ ነው። ይሁን እንጂ ያ ገንዘብ የሚያስቀረው የወር 10 በመቶ ወለድን ነው፤ መነጻጸር ያለበትም ከእርሱ ጋር ነው።

መጠባበቂያው ከቆመ በኋላ ከቀሩት ዕዳዎች የትኛው ይቅደም? ሒሳቡ ወለዱ የበዛው ይቅደም ይላል። ኦንግ፣ ቴሴይራና ንግ እ.ኤ.አ. በ2019 በሲንጋፖር ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ላይ ባደረጉት ጥናት ግን የተቃለለው የዕዳ መጠን ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ብዙ የዕዳ መዝገብ የተዘጋላቸው ሰዎች በአስተሳሰብ ፈተናዎችና በጭንቀት መለኪያዎች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። የሱቁ ደብተር 4,000 ብር ከሆነና በሁለት ወር መዝጋት ከተቻለ፣ ወለድ ባይኖረውም ቀድሞ ቢዘጋ አልቃወምም። ሱቁ አጠገብ ሲያልፉ መንገድ መቀየር ይቀራል፤ ከዚያ በኋላም የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ የት ርካሽ እንዳለ መምረጥ ይቻላል። ከአንድ ሱቅ ጋር በዱቤ የታሰረ ሰው ዋጋ አይከራከርም።

የምሳሌውን ሒሳብ በወረቀት ስላባዛነው ስትወጡ ከበሩ ላይ መውሰድ ትችላላችሁ። በራሳችሁ ቁጥሮች ሠርታችሁ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።