ፕሬዚዳንቱ ወይስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ?

በሬዲዮ ዜና ሲነገር አንዴ «ፕሬዚዳንቱ» ይባላል፤ አንዴ ደግሞ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ» ይባላል። ታዲያ አገር የሚመራው የትኛው ነው? ስሙን ብቻ ሰምቶ መልስ መስጠት አይቻልም። ማን መረጠው? ጦሩን ማን ያዛል? ተጠሪነቱስ ለማን ነው? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረ፤ ፕሬዚዳንት ግን አልነበረም። ሁለቱ ሹመቶች በአገራችን ጎን ለጎን የቆሙት በ1979 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። ብሔራዊ ሸንጎው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ፕሬዚዳንት አደረገ። ሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ጦሩን የሚያዘው ፕሬዚዳንቱ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለሸንጎው የሚያቀርበውም እሱው ነበር። በ1982 ዓ.ም. ፍቅረ ሥላሴ ከሥልጣን ሲነሡ ፕሬዚዳንቱ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ይህን ገለበጠው። ስሞቹ እነዚያው ናቸው፤ ሥልጣኑ ግን ቦታ ለወጠ። አሁን የጦሩ የበላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። እሱም የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ምክር ቤቱ ጠርቶ ሊጠይቀው ይችላል።

ፕሬዚዳንቱስ? ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለ6 ዓመት ይመርጡታል። አምባሳደር ይቀበላል፤ ሜዳልያ ይሸልማል፤ ለእስረኛ ይቅርታ ያደርጋል። ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግም ለፊርማ ይቀርብለታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ሥልጣኑ ግን ጠባብ ነው።

ሌላም ዓይነት አሠራር አለ። ከፊል ፕሬዚዳንታዊ ይባላል። በፈረንሳይ አገር ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ ይመርጠዋል፤ ብዙ ሥልጣንም አለው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾመው እሱ ነው። ነገር ግን ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ተቃዋሚዎቹ ምክር ቤቱን ካሸነፉ ፕሬዚዳንቱ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ከእነሱ ወገን ይሾማል። በፈረንጆች 1986 ፕሬዚዳንት ሚቴራን ተፎካካሪያቸውን ዣክ ሺራክን የሾሙት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ዓመት እንደ አይጥና ድመት እየተያዩ አገር መሩ!

በኛ አገር ግን ሕዝብ ፕሬዚዳንት አይመርጥም። የፋርጣ ወይም የእስቴ ገበሬ ለፌዴራሉ መንግሥት የሚመርጠው የምርጫ ክልሉን ወኪል ብቻ ነው። ወኪሉ ምክር ቤት ይገባል። ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ያወጣል። ማዳበሪያ ዘገየ፣ መንገድ ተበላሸ ሲባል በምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት ሊጠይቅ የሚችለውም ይኸው ወኪል ነው። ዝም ካለስ? የመራጩን አመኔታ ያጣ ወኪል ከቦታው ሊነሣ እንደሚችል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተጽፏል።